የመጀመሪያውን ሽያጭ እናስተምራቸው፦ ለአርባምንጭ ተማሪዎች የድጋፍ ጥሪ

ሰላም ለእናንተ ወንድሞቼና እህቶቼ። በተለይ አርባምንጭ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የተማራችሁ፣ ከከተማው ታች ሲቀላ ሰፈር ቁጭ ብላችሁ ሻይ የጠጣችሁ፣ ከላይኛው ሰፈር ከሼቻ ላይ ሆናችሁ ሐይቁን ቁልቁል ያያችሁ። ዛሬ የመጣሁት ገንዘብ ልጠይቃችሁ ነው። በጥቅምት ለምንጀምረው ሦስተኛ ዙር የተማሪዎች የሥራ ፈጠራ ሥልጠና 155,000 ብር ጎድሎናል። ለምን እንደጎደለን፣ ምን ላይ እንደምናውለው፣ ለምን እንደሚገባው ልንገራችሁ።

ከአንድ ጠዋት ልጀምር። ባለፈው ዓመት አንዲት የአራተኛ ዓመት ተማሪ ሲቀላ መናኸሪያ በር ላይ ካርቶን ይዛ ቆማለች። ካርቶኑ ውስጥ 40 እሽግ የሙዝ ቺፕስ አለ። ሌሊቱን ሙሉ የጠበሰችው ራሷ ናት፤ ጣቶቿ በጥሬው ሙዝ ወተት ጠቁረዋል፤ ታጥባ ታጥባ አልለቅ ብሏታል። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ። ሥራዬ ማየት ብቻ ነው። ወደ ሶዶ የሚሄድ መኪና የሚጠብቁ አንዲት እናት ጠጋ አሉና "ስንት ነው ልጄ?" አሏት። ዝም አለች። ዞራ እኔን አየችኝ። እኔም ዝም አልኩ።

ይቺ ልጅ በኢንተርፕረነርሺፕ ኮርስ ኤ ያመጣች ናት። 38 ገጽ ቢዝነስ ፕላን ጽፋለች። የገበያ ጥናቱ፣ የአምስት ዓመት የትርፍ ትንበያው፣ ሁሉም አለበት። ለሰው ፊት ለፊት ዋጋ ጠርታ ግን አታውቅም። በመጨረሻ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ "ሃያ አምስት" አለች። እናትየው ከመቀነታቸው ብር ፈተው ሁለት ገዟት። ልጅቷ ብሩን ይዛ እዚያው ማልቀስ ጀመረች፤ ከደስታ ነው። እኔም አብሬያት አልቅሼ ነበር ማለት ይቻላል።

ዋናው ትምህርት ግን ማታ ነው የመጣው። አርባውንም ሸጣ፣ 1,000 ብር ይዛ፣ "380 ብር አተረፍኩ" እያለች ወደ ክፍላችን ገባች። ደብተር አወጣን። ሙዝ 420፣ ከሰል 120፣ ማሸጊያ 80። እስከዚህ እሷም ጽፋዋለች፤ 620 ይሆናል። "ዘይቱስ?" አልናት። ከአክስቷ ቤት ነው ያመጣችው፣ ስለዚህ ወጪ ነው ብላ አላሰበችውም። ዘይቱ ቢገዛ 380 ብር ነው። "ባጃጁስ?" ከግቢ ሲቀላ፣ ከሲቀላ ገበያ፣ ተመልሶ፤ 160 ብር። ሲደመር 1,160 ብር። ልጅቷ 160 ብር ከስራለች። የሌሊት እንቅልፏን እንኳ ገና አልቆጠርንም።

ደብተሩን ለረጅም ጊዜ እያየችው ቆየች። ከዚያ እርሳሷን አንስታ ዋጋውን 35 አደረገችው፤ 40 እሽግ በ35 ሲሸጥ 1,400 ነው፣ 240 ብር ይተርፋል። በሚቀጥለው ሳምንት መናኸሪያው ላይ 35 ብላ ስትጠራ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። አንዳንዱ ተወደደ ብሎ ሄደ፣ አንዳንዱ ገዛ። ቆየት ብላ በየሱቁ በደርዘን ማስረከብ ጀመረች፤ የባጃጁ ወጪ ተከፋፈለላት።

በቃ፣ እኛ የምንሠራው ይሄንን ነው። ክፍል ውስጥ ሊሰጥ የማይችለውን ያንን ጠዋትና ያንን ማታ ለተማሪዎች እንሰጣለን።

ግቢያችን በ1979 ዓ.ም የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲከፈት ተመራቂ ማለት የተፈለገ ሰው ነበር። አሁን ነገሩ ሌላ ነው። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ተማሪው ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ አልፎም ሲቪ ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም አለ። ኢንተርፕረነርሺፕ የጋራ ኮርስ ሆኖ መሰጠቱ መልካም ነው፣ መምህራኑም የሚችሉትን ያደርጋሉ፤ ግን አንድ መምህር ሙሉ ክፍል ተማሪ ይዞ ማንን መናኸሪያ ይወስዳል? አሳይመንቱ በግሩፕ ይሠራል፣ አንዱ ይጽፋል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ያስገባሉ፣ ውጤት ይያዛል፣ አለቀ።

እኔ ራሴ በዚህ መንገድ ነው ያለፍኩት። ተመርቀን ሦስት ጓደኛሞች ከቤተሰብ ብር ለምነን የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሥራ ጀመርን። ሥራው አልጠፋም፤ ጎበዞችም ነበርን። አንድ መሥሪያ ቤት አሠርቶን ክፍያውን ስምንት ወር አቆየብን። ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ እንዳለብን የነገረን አልነበረም፤ ውላችን አንድ ገጽ ነው፣ የክፍያ ቀን እንኳ አልተጻፈበትም። የሠራተኛ ደሞዝ ከኪሳችን ከፈልን፣ ኪሳችን አለቀ፣ ተበተንን። የእናቴን ብር ለመመለስ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ያኔ አንድ ልምድ ያለው ሰው ለአንድ ሰዓት አጠገባችን ቢቀመጥ ኖሮ ያ ሁሉ አይደርስም ነበር። አሁን የማደርገውን ነገር የማደርገው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ሰው ሥራ ፈጠራ ሲባል አፕሊኬሽን፣ ትልቅ ቢሮ፣ የውጭ ኢንቨስተር ይመስለዋል። ቤተልሔም ጥላሁንን አስቡ። የጫማ ድርጅቷን ሶልሬብልስን አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ስትጀምር የያዘችው ከአሮጌ ጎማ የሚሠራውን፣ ሁላችንም የምናውቀውን በረባሶ ነው። እዚያው ሰፈሯ ውስጥ የነበረ ነገርና የሰፈሯ ሰዎች እጅ ዓለም ላይ ደረሰ። እኛስ ምን አለን? ሙዙ አለ፤ በየቀኑ በአይሱዙ ተጭኖ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይራገፋል፣ መንገድ ላይ የተቀጠቀጠው ይጣላል። ማንጎው በወቅቱ ከዛፍ ሥር ወድቆ ይበሰብሳል። የዶርዜ ሸማ አለ። የጫሞ ዓሣ አለ። ከዚህ ሁሉ መሀል ነው ተማሪው "ሥራ የለም" እያለ የሚቀመጠው፤ ስንፍና አይደለም፣ የመጀመሪያውን እርምጃ ያሳየው ስለሌለ ነው።

አሠራራችን እንዲህ ነው። 24 ተማሪ እንቀበላለን፣ ለአንድ ሴሚስተር፣ 16 ሳምንት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። በሁለተኛው ሳምንት እያንዳንዱ አንድ ነገር ለማያውቀው ሰው መሸጥ አለበት። ምንም ይሁን፤ እስክርቢቶም ቢሆን። ከዚያ ደብተር አያያዝ ይመጣል፣ ውል አጻጻፍ ይመጣል፣ ዱቤ እንዴት እንደሚከለከልና እንዴት እንደሚጠየቅ ይመጣል። የግብር ከፋይ መለያ (ቲን) ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ለማውጣት ምን እንደሚያስፈልግ አብረናቸው ሄደን እናሳያቸዋለን። ሕጉንም እናስረዳቸዋለን፤ በ2013ቱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም እንደሚችል፣ በአዋጅ 1147/2011 ደግሞ ቤት የሌለው ሰው ማሽኑን ወይም ዕቃውን የብድር ዋስትና አድርጎ ሊያቀርብ እንደሚችል ከጂሲ (ተመራቂ) ተማሪ ስንቱ ያውቃል? ስጠይቃቸው ሁሌም ዝም ይላሉ።

ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ፣ በአምስተኛው ሳምንት ለእያንዳንዳቸው 6,000 ብር መነሻ እናበድራለን። ወለድ የለውም። የሚመለሰው እንደ እቁብ ነው፤ በየሳምንቱ 500 ብር፣ ለ12 ሳምንት፣ ሁሉም ባሉበት ይቆጠራል። እቁብ ስለሆነ ማንም አይደበቅም። ሥራው ያልተሳካለት ደብተሩን ያሳየናል፤ በትክክል ከያዘውና የከሰረበትን ምክንያት ማስረዳት ከቻለ ቀሪውን እንተውለታለን። ይሄ ነጥብ ከጓደኞቼ ጋር ብዙ አከራክሮናል። እኔ አሁንም አምንበታለሁ፤ ተማሪ ሆኖ 6,000 ብር መክሰር፣ በኋላ የእናትን ቤት አስይዞ ከመክሰር በብዙ ይሻላል።

አሁን ሒሳቡ። ለ24ቱ ብድር 144,000 ብር። ሲቀላ የተከራየናት አንዲት ክፍል በወር 8,000፣ ለአራት ወር 32,000። ሁለት የማሸጊያ ማሽንና የፍራፍሬ ማድረቂያ 45,000። ለሒሳብ ባለሙያውና ከሌላ ከተማ ለሚመጡ ነጋዴዎች ትራንስፖርት 19,000። ጠቅላላው 240,000 ነው። እኛ ከተማሪነት ጀምሮ የምንተዋወቅ 11 ሰዎች ከደሞዛችን አዋጥተን፣ ካለፈው ዙር የተመለሰውን ጨምረን 85,000 ይዘናል። የጎደለው እሱ 155,000 ነው። ለእኛ ለአስተባባሪዎቹ አንድ ብር አይከፈልም።

500 ብር የሚችል 500 ይላክ። አንድ ተማሪ ሙሉ ልሸፍን የሚል 6,000 ይላክ፤ ያ ብር ተመልሶ ለሚቀጥለው ዙር ልጅ ይደርሳል። ውጭ ያላችሁ፣ አሜሪካም ሆነ ዱባይ፣ በእናንተ ምንዛሪ ትንሽ የሚመስላችሁ እዚህ አንድ ልጅ ያቆማል። ገንዘብ ባይመቻችሁ ጊዜ ስጡን። ሱቅ፣ ጋራዥ፣ ምግብ ቤት፣ የትራንስፖርት ሥራ ያላችሁ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት በስልክ አንድ ተማሪ ያዙ። የከሰራችሁም ኑ፣ በተለይ እናንተ። የማትጠቀሙበት ላፕቶፕ፣ ሚዛን፣ የልብስ ስፌት መኪና ካላችሁም እንፈልገዋለን።

የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን እዚህ አልጻፍኩትም። በሰው ስም የራሳቸውን ቁጥር እየለጠፉ የሚሰበስቡ በዝተዋል። ከእኛ የምታውቁትን አንድ ሰው ደውላችሁ አግኙ፣ ድምፁን ስሙ፣ ከዚያ ላኩ። ሒሳቡ የሦስት ሰው ፊርማ ካልተሟላ አይንቀሳቀስም። የገባውንና የወጣውን በየወሩ ደረሰኙን ፎቶ አንስተን ለላከ ሁሉ እናሳውቃለን፤ ያለፉትን ሁለት ዙሮች ማየት ለሚፈልግ ደብተሮቹ ክፍላችን ውስጥ አሉ።

እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ የምናገኘውን አይተን ነው የተማሪውን ቁጥር የምንቆርጠው። ብሩ ካልሞላ 24ቱን ወደ 12 እናወርዳለን፤ ከወዲሁ የተመዘገቡት ግን ከ60 በላይ ናቸው። የሙዟ ልጅ ዘንድሮ ተመርቃለች፣ ሥራዋንም ቀጥላለች። ትናንት ደውላ "ጋሼ፣ ክፍሉ መቼ ነው የሚከፈተው? ደብተሩን እኔ ላስተምራቸው" አለችኝ። የጥቅምት የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ብያታለሁ። ቁልፉ እሷ ጋ ነው።