ጉራ ላይ የነበረው ባለ አንድ እጁ አሜሪካዊ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ኢትዮጵያና ግብፅ በዛሬዋ ኤርትራ ስለተዋጉበት የጉራ ጦርነት ሲጻፍ፣ በግብፅ ጦር ውስጥ ያገለገሉት አሜሪካውያን መኮንኖች በአንድ ሐረግ መታለፋቸው ያሳዝነኛል። በሰሜን ካሮላይና የተወለደው ጄኔራል ዊልያም ሎሪንግ በ1847 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ሲቲ በር ላይ ቆስሎ ግራ እጁን ቢያጣም ከውትድርና አልወጣም፤ በ1861 ግን በኮሎኔልነት ሲያገለግለው የኖረውን የፌዴራል ጦር ትቶ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከደቡቦቹ ጋር ተሰለፈ፤ ይህ ውሳኔው ለእኔ እስከ ዛሬ የሚከብድ ነው። ከደቡብ ሽንፈት በኋላ በ1869 ለግብፅ ገዥ ለኬዲቭ እስማኤል አድሮ፣ በማርች 1876 የግብፅ ጦር አዛዥ የራቲብ ፓሻ ኤታማዦር ሹም ሆኖ ጉራ ላይ ከዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ጋር ገጠመ። ጦሩን ከምሽግ እንዲወጣ የገፋፋው እርሱ ነው ሲባል፣ እርሱ ደግሞ ጥፋቱን በራቲብ ላይ አሳቧል። የኢትዮጵያን ድል በሁለቱ አዛዦች ጠብ ብቻ ማስረዳት የዐፄ ዮሐንስን አመራር ማሳነስ ስለሚሆን፣ ታሪኩን በሙሉ እንድታወጡልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ