ክብሪቱን ትታችሁ ሰዓት ያዙ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ በአካባቢው የሚገኙ ሰዎች ስለሚያደርጉት ነገር ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የሕክምና ባለሙያ ሆኜ ሳይሆን፣ ሕመሙ ያለበት ወንድም ስላለኝ ነው። ሕዝባችን ለወደቀ ሰው ደንታ የለውም ብዬ አላማርርም፤ እንዲያውም መንገደኛው ወዲያው ይሰበሰባል፣ ሁሉም ይረባረባል። ችግሩ ከተሰበሰበው ሰው አንዱ ክብሪት መጫሩ፣ ሌላው እጅና እግሩን አፍኖ መያዙ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጥርሱን በማንኪያ ለመፈልቀቅ መታገሉ ነው።

ወንድሜ ከአፍንጫው ሥር የምስር ፍሬ የምታክል ጠባሳ አለችው። ታክሲ ሊሳፈር ተሰልፎ ሳለ ወድቆ፣ አንድ ደግ ሰው ክብሪት እየጫረ ሲያሸተው እሳቱ ያገኘው ቦታ ነው። ሰውየው በክፋት እንዳላደረገው አምናለሁ፤ ልማዱም ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ክብሪት ሕመሙን አያቆመውም። አብዛኛውን ጊዜ መንቀጥቀጡ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ የሚያበቃ በመሆኑ፣ ሱቅ ተሮጦ፣ ክብሪት ተገዝቶ፣ ሁለት ሦስት እንጨት ተጭሮ እስኪያልቅ ድረስ ሕመምተኛውን ይለቀዋል፤ ምስጋናውን ግን ክብሪቱ ይወስዳል። የተረፈው ነገር ቢኖር መተንፈስ ላስቸገረው ሰው የድኝ ጭስ ማሳብ ብቻ ነው።

ማንኪያው ከክብሪቱም ይብሳል። «ምላሱን ይውጣል» የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም፤ ሰው ምላሱን ሊውጥ አይችልም። ሊነክሰው ይችላል፣ እሱም ቢሆን ይድናል፤ በማንኪያ የተሰበረ ጥርስ ግን ተመልሶ አይበቅልም፣ ስባሪው ወደ አየር ቧንቧ ከገባማ አደጋው ሌላ ነው። እጅና እግርን አፍኖ መያዝም መንቀጥቀጡን በአንዲት ሰከንድ አያሳጥረውም፤ ይልቁንም ትከሻ ሊያወልቅ ይችላል።

ታዲያ የሚጠቅመው ምንድን ነው? ከሁሉ አስቀድሞ መንቀጥቀጡ የጀመረበትን ሰዓት መያዝ ነው። ስልክ ከኪስ መውጣቱ እንደሆነ በዘመናችን አይቀርምና፣ ለቪዲዮ ከሚወጣ ለሰዓት ቢወጣ ይሻላል። ከዚያ ነጠላም ሆነ ጃኬት አጥፎ ከጭንቅላቱ ሥር ማድረግ፣ በአጠገቡ ያለውን ድንጋይና ጠርሙስ ማራቅ፣ አንገቱን የሚያንቀውን ልብስ ማላላት፣ የከበበውንም ሰው ገለል በሉ ማለት ያስፈልጋል። አስፋልት ላይ ወይም እሳት ዳር ካልወደቀ በስተቀር ከቦታው መጎተት አይገባም። መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ ማስተኛትና አገጩን ጥቂት ቀና ማድረግ ምራቁም ሆነ ትውከቱ ወደ ውጭ እንዲፈስ ይረዳል። ሙሉ በሙሉ ሳይነቃ ውኃም፣ መድኃኒትም፣ ጸበልም ቢሆን በአፉ ሊሰጠው አይገባም፤ ትን ሊለው ይችላልና።

አረፋው ይጋባብኛል ብሎ የሚሸሽም አለ። የሚጥል በሽታ በምራቅም፣ በትንፋሽም፣ በመንካትም አይተላለፍም። ይህ ፍርሃት ያደረሰው ጉዳት ቀላል አይደለም፤ ምድጃ ላይ ወድቀው ፈጥኖ የሚያነሣቸው አጥተው ክፉኛ የተቃጠሉ ሰዎች በአገራችን አሉ። ሌላው ደግሞ ፖሊስ ይጠይቀኛል ብሎ ይርቃል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 ግን የሚቀጣው በራሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳያስከትል መርዳት እየቻለ፣ ከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው አስቦ የተወውን ነው።

ሰዓት መያዙ ያስፈለገበት ምክንያት ይህ ነው፦ መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሰውየው ሳይነቃ ሁለተኛ ከጀመረው፣ ጉዳዩ የሐኪም ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ውኃ ውስጥ ከወደቀ፣ ጭንቅላቱ ከተጎዳ ወይም ሕመሙ ከዚህ በፊት ያልነበረበት ከሆነም ደቂቃ መቁጠር ሳያስፈልግ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር በ939 ይጠራል። አምቡላንስ ከዘገየና በታክሲ መውሰድ ግድ ከሆነ፣ ወንበር ላይ ደግፎ ከማስቀመጥ ይልቅ በጎኑ አስተኝቶ መውሰድ ይበጃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሕመምተኛው ሲነቃ የት እንዳለ አያውቅም፣ ግር ይለዋል፣ አንዳንዴም ሽንቱ ያመልጠዋል። በዚያን ሰዓት ወንድሜ የሚፈልገው ነጠላ ጣል የሚያደርግለት፣ ስልክና ቦርሳውን የሚጠብቅለት፣ «ሜክሲኮ ነው ያለኸው፣ አይዞህ፣ ወድቀህ ነበር» ብሎ ቀስ አድርጎ የሚነግረው ሰው ነው እንጂ፣ ከዳር ቆሞ «ለክፎት ነው» የሚል አይደለም።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ በጤና ዓምዱ ላይ አንድ የነርቭ ሐኪም ጋብዞ ይህንኑ በሰፊው እንዲያስነብበን፣ የታክሲ ማኅበራትም ለሾፌሮቻቸውና ለረዳቶቻቸው የግማሽ ቀን ሥልጠና እንዲያሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሰው መውደቅ ብዙውን ጊዜ የሚገጥመው ሰልፉ ላይና መኪናው ውስጥ የሚውሉትን እነሱን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ