መሪ ጨብጦ ለሚውለው ወዳጄ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አባትህ ባረፉ ጊዜ የጻፍህልኝ ደብዳቤ ከደረሰኝ ሦስት ዓመት አለፈው፤ መልስ ግን አልሰጠሁህም። በመጀመሪያ የማጽናኛ ቃል አጣሁ፤ ከዚያም መዘግየቴ አሳፈረኝ፤ እፍረቱ እየከበደ ሲሄድ ጭራሹን ዝም አልሁ። ይቅርታህን እለምናለሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ባለፈው እሑድ ታናሽ እህትህን ለቅሶ ቤት አግኝቼ የነገረችኝ ነገር ነው። የደምህ ስኳር ከፍ ብሎ መገኘቱን፣ ገና የስኳር በሽታ ደረጃ ላይ ባይደርስም አፋፉ ላይ መሆንህን ሐኪምህ እንደነገረህ፣ አንተም «በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ታክሲ የሚነዳ ሰው ስፖርት የሚሠራበትን ጊዜ ከየት ያመጣል?» ብለህ እንደተውኸው ሰማሁ።

እኔም ከሁለት ዓመት በፊት የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ተገኝቶ ስለነበር በዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆይቻለሁ። ለሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርሁ ሰው በመሆኔ የማይታመነውን ከሚታመነው ለመለየት እጥራለሁ፤ የምጽፍልህም በዚሁ መንፈስ ነው።

ያንተን ሥራ ሳስብ አስቀድሞ ትዝ የሚለኝ የለንደን አውቶቡስ ሠራተኞች ታሪክ ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጥናት፣ በእነዚያ ባለሁለት ፎቅ ቀይ አውቶቡሶች ላይ አብረው የሚሠሩትን ሾፌሮችና ትኬት ቆራጮች አነጻጸረ። የሁለቱም ኑሮና ደመወዝ ተቀራራቢ ነው፤ ሾፌሩ ግን ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሲውል፣ ትኬት ቆራጩ በአንድ የሥራ ቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይወጣ ነበር። ድንገተኛ የልብ ሕመም በትኬት ቆራጮቹ ላይ የታየው ከሾፌሮቹ በእጅጉ ባነሰ መጠን ነው፤ የታመሙትም ቢሆኑ ቶሎ የሚሞቱት ጥቂቶች ነበሩ። ሞሪስ ሐቀኛ ሰው ስለነበረ በዚህ አልቆመም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የደንብ ልብሳቸውን ልክ መርምሮ፣ ሾፌሮቹ ገና ሥራ ሲጀምሩም ወገባቸው ሰፋ ያለ እንደነበረ ራሱ አሳተመ። ልዩነቱ ሁሉ ከመቀመጥ ብቻ የመጣ አይደለም ማለት ነው። ይህን የምነግርህ አንዱን ጥናት ይዘህ እንዳትደነግጥ ነው፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የተደረጉት ምርምሮች ወደዚያው አቅጣጫ ስላመለከቱ፣ ያ አሮጌ ጥናት ዛሬም ልቤን ይነካዋል።

ላንተ ጉዳይ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እዚያው አንተ በምትኖርበት አሜሪካ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ጥናት ነው። ልክ እንዳንተ አፋፉ ላይ የነበሩ 3,234 ሰዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት፣ ሌላው መድኃኒት የሚመስል ነገር ግን ፍሬ ነገር የሌለበትን ክኒን እንዲወስድ ተደረገ፤ ሦስተኛው ቡድን ደግሞ ከሰውነቱ ክብደት 7 በመቶውን እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ፣ በአብዛኛው ፈጠን ባለ የእግር ጉዞ፣ እንዲንቀሳቀስ ታገዘ። በአማካይ ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ባዶውን ክኒን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር፣ መድኃኒቱ ወደ ስኳር በሽታ የሚያልፉትን ሰዎች በ31 በመቶ ሲቀንስ፣ የኑሮ ለውጡ በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ደግሞ ቅነሳው 71 በመቶ ደረሰ። ሰዎቹ የተመደቡት በዕጣ ስለሆነ «ድሮም ጤነኛ የሆነው ነው የሚራመደው» የሚለው ጥርጣሬ እዚህ ቦታ የለውም። ወዳጄ፣ አፋፍ ላይ መሆን ማለት ገና አልወደቁም ማለት ነው፤ መመለሻ መንገድ አለ። በዚያ ጥናት መሠረት የተቀረጸ የአንድ ዓመት ሥልጠና በየግዛቱ ስለሚሰጥ፣ በአቅራቢያህ የት እንዳለ ሐኪምህን ጠይቀው።

«አሥር ሺህ እርምጃ» የሚለውም ቁጥር አያስፈራህ። መነሻው የሕክምና ምርምር አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ የጃፓን ኩባንያ እርምጃ የሚቆጥር መሣሪያ ሲሸጥ «የአሥር ሺህ እርምጃ መቁጠሪያ» ብሎ የሰየመው ነው። ይህም የኛው አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈ ማግስት፣ የአገሩ ሰው ሁሉ ስለ ስፖርት በሚያወራበት ወቅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ሐምሌ ላይ የወጣው፣ 57 ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረው ሥራ እንደሚያሳየው፣ በቀን 7,000 እርምጃ የሚራመዱ ሰዎች 2,000 ብቻ ከሚራመዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ47 በመቶ ያነሰ ነው። ይህኛው የዕጣ ጥናት ስላልሆነ ቁጥሩን እንደ ቃል ኪዳን አልይዘውም፤ ነገር ግን ከ2,000 ወደ 4,000 ከፍ ማለት እንኳ ጥቅም እንዳለው ስላሳየ፣ ምንም ለማይራመድ ሰው ትልቅ ተስፋ ነው።

አሁን ስለ አሥራ ሁለቱ ሰዓት ልመልስልህ። ጡንቻ ሲሠራ ኢንሱሊንን፣ ማለትም ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ሕዋሳት የሚያስገባውን ሆርሞን፣ ሳይጠብቅ ከደም ውስጥ ስኳር እየሳበ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ረጅም መቀመጥን ደጋግሞ ማቋረጥ ራሱን የቻለ ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ሙከራ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥተው አምስት አምስት ደቂቃ በዝግታ የተራመዱ ሰዎች፣ ከምግብ በኋላ የሚወጣው የደማቸው ስኳር ቀኑን ሙሉ ከመቀመጥ አንጻር በ58 በመቶ ዝቅ ብሎ፣ ግፊታቸውም ቀንሶ ተገኝቷል። የተሳተፉት አሥራ አንድ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ግን ሙከራው የተደረገው ለሚቀመጥ ሰው በመሆኑ ካንተ ሥራ ጋር ይገናኛል። ተሳፋሪ ጭነህ በየግማሽ ሰዓቱ መውረድ እንደማትችል አውቃለሁ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ስትጠብቅ ግን መኪና ውስጥ ሆነህ ስልክ ከምታይ፣ ወርደህ አብረውህ ከሚጠብቁት የአገራችን ልጆች ጋር ቦታውን ዙሩት፤ ወሬው በእግር ላይም ይወራል። ምሳህን በልተህ ወዲያው ሞተር አታስነሣ፤ አሥር ደቂቃ ተራመድ። ማታ ስትገባም ሊፍቱን ትተህ በደረጃው ውጣ። ሐኪም መድኃኒት ካዘዘልህ ግን ይህን ሁሉ የምታደርገው መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ነው፤ በጾም ወራትም ስለ መድኃኒትህና ስለ ምግብ ሰዓትህ አስቀድመህ አማክረው። ቡናህ ላይ የምትጨምረውን ሦስት ማንኪያ ስኳር ነገር ለእህትህ ትቼዋለሁ፤ እሷ ከእኔ በተሻለ ትቆጣሃለች።

እኔ አሁን ማለዳ ማለዳ ወክ አደርጋለሁ። በቅርቡ የተሠራው የእግረኛ መንገድ ሰፊ ስለሆነ ከአራት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ ወርጄ፣ እዚያ ደረጃውን ከሚሮጡት ወጣቶች ጎን ቀስ ብዬ ሦስት ጊዜ ወጥቼ እመለሳለሁ። መድኃኒቴን አላቆምሁም፤ ግፊቴ ግን ሐኪሙ በሚፈልገው ልክ ከቆየ ዓመት ሞላው። ተማሪዎች ሳለን ለአውቶቡስ የሚሆን ሳንቲም አጥተን ከስድስት ኪሎ ፒያሳ ድረስ በየማታው ስንወርድና ስንወጣ፣ ፊት ፊት የምትቀድመኝ አንተ ነበርህ። በዚያ ዳገት ላይ ሁልጊዜ ትታወሰኛለህ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። በሚመጣው ሳምንት ምንም ሳትለውጥ፣ እንደወትሮህ እየዋልህ፣ ስልክህ የሚቆጥረውን የየቀኑን እርምጃ ጽፈህ ላክልኝ። እኔም የራሴን እልክልሃለሁ፤ ምን ያህል እንደምንጨምር ከዚያ በኋላ አብረን እንወስናለን። የዚህን ደብዳቤ መልስ ግን እንደ እኔ ሦስት ዓመት አታቆየው።

ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

አክባሪ ወዳጅህ