ጣት ፊደል ሲፈልግ

ሐዋሳ፣ ጥር 13 ቀን

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጠፋሁ፤ ምክንያት ብደረድር ደብዳቤው በሰበብ ያልቃል፣ ተይው። ይልቅ «ላፕቶፑ ፊት ስቀመጥ ሐሳቤ ይበተናል፣ ምን ልጫንበት?» ላልሽው ልመልስ።

ሰው ሁሉ ስክሪኑን ሙሉ የሚሸፍን ፕሮግራም ይመክርሻል። እሱ ሁለተኛ ነው። በአማርኛ የሚጽፍን ሰው ሐሳብ የሚሰርቀው ከፌስቡክ ይልቅ ፊደል ፍለጋው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኪይቦርዱ ይስተካከል። ኪይማን የሚባለውን የኪይቦርድ ፕሮግራም ጫኚ፣ ነፃ ነው፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ፊደሎች ድምፅ እየመታሽ የምትጽፊበትን የአማርኛ ኪይቦርድ አክዪበት። «ሰላም» አምስት ምት ነው፦ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም። ሳድስ ተነባቢዋን ብቻ ነው የሚፈልገው፤ አማርኛ ደግሞ በሳድስ የተሞላ ስለሆነ እጅ ቶሎ ይለምደዋል። ጀማሪ የሚሰናከለው እንደ «መልእክት» ባለው ቃል ላይ ነው። «ል» ብለሽ «እ»ን ስታስከትዪ ፊደሉ «ለ» ይሆንና «መለክት» ይወጣል፤ በመሀላቸው አፖስትሮፍ ምቺ።

ሌላው ጊዜ በላ ሞክሼ ፊደል ነው። «ሠ» ወይስ «ሰ»፣ «ጸ» ወይስ «ፀ» እያልሽ አትቁሚ። ረቂቁን እጅሽ በቀረበው ጻፊ፤ መጨረሻ ላይ «ፈልግና ተካ» ያርመዋል። ታዲያ የምትተኪው ሙሉ ቃል ይሁን። ፊደሏን ብቻ ከተካሽ «ሰው»ም «ሠው» ይሆንብሻል። «ስራ»ን «ሥራ» ብለሽ ብትተኪ ደግሞ «ሰርቶ» ሳይነካ ይቀራል፣ እሱን ለብቻው ፈልጊ።

መጻፊያው? ስክሪኑን ሙሉ ከሚሸፍኑት ፕሮግራሞች ፎከስራይተር ይበቃሻል። በነፃ ነው፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል። ሜኑው ብቅ የሚለው ማውሱን ወደ ላይኛው ጠርዝ ስትወስጂ ብቻ ነው። ፎንቱን አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ፣ መጠኑን 18፣ የመስመር ርቀቱን አንድ ተኩል አድርጊ፤ የእኛ ፊደል ሲጠጋጋ ዓይን ያደክማል። የፊደል ስሕተት ጠቋሚውን አጥፊው፤ አማርኛ የማያውቅ መዝገበ ቃላት ገጹን በቀይ መስመር ነው የሚሞላው። ፎከስራይተር የቀን ግብ በቃላት ወይም በደቂቃ ይይዝልሻል፤ እኔ ብሆን ደቂቃውን። በተለይ እንደ ድሮው በሁለት ነጥብ (፡) ቃል ከቃል የምትለዪ ከሆነ፣ ባዶ ቦታ አይቶ የሚቆጥር ፕሮግራም መስመሩን በሙሉ አንድ ቃል ይለዋል።

ወደ ኋላ እንዳትመለሺ የመሰረዣ ቁልፎችን የሚያግድ ምርጫ ጎስትራይተር በሚባል ሌላ መጻፊያ ላይ አለ። ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን ኪይማን «ስ»ን «ሰ» የሚያደርገው የፊተኛውን አጥፍቶ ስለሆነ ሊጋጩ ይችላሉ። «ሰላም» ብለሽ ሞክሪው፤ ከተበታተነ ተዪው።

ኖትፓድ ላይ የምትጽፊ ከሆነና ዊንዶውስሽ ከ2019 እ.ኤ.አ. በፊት የወጣ ከሆነ፣ ስታስቀምጪ የአማርኛ ፊደልን የሚይዘውን የማስቀመጫ ዓይነት፣ ዩቲኤፍ 8ን፣ ራስሽ ምረጪ። አለዚያ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል፤ ፋይሉን ከዘጋሽው ደግሞ አይመለስም።

የመብራቱን ነገር ታውቂዋለሽ። ዎርድ ካልነገርሽው የመጠባበቂያ ቅጂ የሚይዘው በየ10 ደቂቃው ነው፤ ወደ 1 አውርጂው። ፎከስራይተር ላይም ራሱ እንደሚያስቀምጥ ምርጫው ውስጥ ገብተሽ አረጋግጪ።

ኪይማንም ፎከስራይተርም አንዴ ከተጫኑ ኢንተርኔት አይፈልጉም፤ ስለዚህ ስትጽፊ ዋይፋዩን ዝጊው። ካልሆነልሽ ለፋሲካ ስትመጪ ላፕቶፑን ያዢው፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን እናየዋለን። እስከዚያው የዊንዶውስሽን ቁጥር በቴሌግራም ላኪልኝ። ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺ።