ዝም ያለው ማን ነበር?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

«ዝምታቸውን ሰበሩ» የሚለውን ጽሑፋችሁን ያየሁት ቅዳሜ ጠዋት ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶቡሱ ስለሚዘገይ ደጋግሜ ለማንበብ ጊዜ አገኘሁ። ጽሑፉ የኤፕስቲን ተጎጂዎች ዝምታቸውን እንደሰበሩ፣ ፍልስጤማውያን ደግሞ መሬታቸው ሲጠቀለል በዝምታ እየተመለከቱ እንደሆነ ይላል። ልጃገረዶችን በወሲብ ሲበድል የኖረውን የአሜሪካዊውን ባለጸጋ የኤፕስቲንን ዶሴና እስራኤል የያዘችውን የዌስት ባንክን መሬት በአንድ ገጽ አጣምሮ ስለ መንግሥታት ተጠያቂነት መጻፍ ብዙ ሰው የማይደፍረው ነገር ነው፤ ለዚያ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ጠቤ ከርዕሱ ሁለት ቃላት ጋር ነው።

ዝምታውን ሰበረ የሚባል ሰው አስቀድሞ ዝም ብሎ የነበረ ሰው ነው። ታዲያ ኤፕስቲን የበደላቸው ልጆች ዝም ያሉት መቼ ነው? ማሪያ ፋርመር የምትባለው ሠዓሊ፣ ኤፕስቲን የታናናሽ እህቶቼን ፎቶ ሰርቆ ወሰደብኝ ብላ ለኤፍቢአይ ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። አቤቱታዋ የተመዘገበበት ወረቀት በ2025 መጨረሻ ይፋ ከሆኑት ሰነዶች መካከል ተገኘ፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ከርሞ። በ2005 ደግሞ ፍሎሪዳ፣ ፓልም ቢች ውስጥ የአንዲት የ14 ዓመት ልጅ ቤተሰብ ለፖሊስ አመለከተ። ልጅቷ ተናገረች። ከሷ በኋላ ሌሎችም ተናገሩ፤ የፌዴራል መርማሪዎች 36 ልጃገረዶችን እስከ መለየት ደረሱ። ይህ ዝምታ ከሆነ ጩኸት ምን ሊመስል ነው?

ከዚያ የሆነውን በሦስት መስመር አልፋችሁታል፤ እኔ ግን የምቆመው እዚያው ላይ ነው። በ2007 የደቡብ ፍሎሪዳ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ከኤፕስቲን ጠበቆች ጋር ስምምነት ፈረመ። የፌዴራል ክስ አይመሠረትበትም፤ «ተባባሪ ሊሆኑ የሚችሉ» ሰዎች ሁሉ፣ አራቱ በስም፣ ሌሎቹ ስማቸው እንኳ ሳይጠራ፣ አብረው ነጻ ይሆናሉ። ልጆቹ ስምምነቱ መፈረሙን አልተነገራቸውም፤ ይህ የተጎጂዎችን መብት የሚጥስ እንደነበር አንድ ዳኛ የወሰኑት በ2019 ነው። ሰውየው በ2008 በክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት ሁለት ጥፋቶችን አመነ፤ በሁለቱም ክሶች ውስጥ «ሴተኛ አዳሪነት» የሚል ቃል አለ። 18 ወር ተፈረደበት፣ 13 ወር ገደማ «ታሰረ»። ታሰረ ያልኩት ሌላ ቃል ስለጠፋኝ ነው፤ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን እስከ 12 ሰዓታት ቢሮው እየዋለ እስር ቤት የሚያድር ሰው ነበር። እኔ አሁን ካለሁበት የሥራ ፈረቃ ጋር ሳስተያየው የእሱ እስር ይሻላል።

እንግዲህ ልጆቹ የተናገሩትና የተጻፈላቸው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። የ14 ዓመት ልጅ የደረሰባትን ተናገረች፤ መዝገቡ የሴተኛ አዳሪነት ጉዳይ አደረገው። የጎደለ ነገር ካለ በልጅቷ አፍ በኩል አልነበረም፤ ብዕር የያዘው ሰውዬ ዘንድ ነበር።

ዝምታ ፈልጋችሁ ከሆነ፣ የት እንደነበረ ልንገራችሁ። በ2021 በኤፕስቲን ተባባሪ በጊዝሌን ማክስዌል ችሎት ላይ የሰውየው የፓልም ቢች ቤት የሠራተኞች መመሪያ ለማስረጃነት ቀርቦ ነበር። 58 ገጽ ነው። ሠራተኛው ምንም እንደማያይ፣ ምንም እንደማይሰማና ካልተጠየቀ በቀር ምንም እንደማይናገር እንዲያስታውስ ያዝዛል። ይህ ዝምታ በክፍያ የሚጠበቅ፣ የታተመና በገጽ የተቆጠረ ነበር። እናንተ ግን ይህን ትታችሁ በልጆቹ ላይ ለጠፋችሁት።

ይህ መመሪያ ለእኔ አዲስ አልነበረም። ጽሑፋችሁ ሲዘጋ ነገሩ «ከእኛ ሩቅ የሆነ የባለጸጎች ዓለም ገመና» ነው ይላል። ሩቅ? የባለጸጎቹን አልጋ የሚያነጥፈው ማን መሰላችሁ? ቤሩት፣ ዱባይ፣ ሪያድ፣ ጂዳ ውስጥ በኮንትራት የገባው ማን ነው? እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ እንኳ ትልልቁን ቤት ከሚያጸዱት ውስጥ ስንቱ አማርኛ ተናጋሪ እንደሆነ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማችሁ ጠይቁ። ስለ ኃያላን ቤት የሚጻፍ ጽሑፍ የቤት ሠራተኞችን ካልጠራ ማንን ሊጠራ ነው? እናንተ ልዑሉን፣ ቢሊየነሩንና ጠበቃውን ጠራችሁ።

እኔ ቤሩት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የማዳም መመሪያ 58 ገጽ አልነበረም፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች፣ በቃ። የምተኛው ማድ ቤቱ አጠገብ ባለች መስኮት የሌላት ክፍል ነበር። በሩ ቁልፍ የለውም። የማዳም ወንድም ከውጭ የመጣ ሰሞን ሌሊት ሌሊት በሩን ይገፋ ስለነበር የሩዝ ጆንያ አስደግፌ ነበር የምተኛው። በሦስተኛው ሳምንት ቆሻሻ ልጥል ብዬ ወጥቼ በታክሲ ወዳስመጣኝ መክተብ (የሠራተኛ አስመጪ ቢሮ) ሄድኩ። አስተርጓሚው ሐበሻ ነበር። ደስ አለኝ፤ በራሴ ቋንቋ ሁሉንም ነገርኩት፣ ጆንያውን ሳይቀር። በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ ደብተሩ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በአማርኛ፣ ከፊቴ ጻፈ፤ «የሥራ አለመግባባት»።

«ወንድሜ፣ እኔ እንዲህ አላልኩም» አልኩት።

«እህቴ፣ እንዲህ ብንጽፈው ላንቺም ይሻላል» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሻይ አዞልኛል። ሳይመሽ ማዳም መጥታ ወሰደችኝ። የታክሲውን ከደመወዜ ቆረጠች።

ርዕሳችሁን ሳይ መጀመሪያ የታየኝ ያ ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው። ያ ሰው አማርኛ ያውቅ ነበር፤ እናንተም ታውቃላችሁ።

ስምምነቱን የፈረመው ቢሮ ኃላፊ የነበሩት አሌክሳንደር አኮስታ በ2017 ምን ሆነው እንደተሾሙ ሳትጽፉ ቀርታችኋል። የሠራተኛ ሚኒስትር! የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛንና የግዳጅ ሥራን የሚከታተል ክፍል ያለበት መሥሪያ ቤት ነው። እኔ በዚያ ዓመት የሰው እናት እያስታመምኩ ነበር፤ ደመወዜ ቢቀር የማመለክተው እሳቸው ዘንድ ነው ማለት ነው። ሥልጣን እንደሚለቁ ያስታወቁት ኤፕስቲን በ2019 ሐምሌ ዳግመኛ በተያዘ ሳምንት ሳይሞላ ነው። ሰውየው በወሩ እስር ቤት ውስጥ ሞተ።

ስለ ኤፕስቲን ሰነዶች ግልጽነት ሕግ የጻፋችሁት ትክክል ነው፤ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በ2025 ኅዳር 427 ለ1 አሳለፈው፣ የፍትሕ ሚኒስቴር ሰነዶቹን በ30 ቀን እንዲያወጣ ታዘዘ፣ ቀኑ አለፈ፣ በ2026 ጥር መጨረሻ ከሦስት ሚሊዮን ገጽ በላይ ወጣ። የዘለላችሁት አንድ ነገር የአንዳንድ ተጎጂዎች ስም ሳይሸፈን መውጣቱን ነው፤ ሚኒስቴሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰነዶችን መልሶ አነሳ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስሟ እንዳይወጣ የለመነች ሴት በአንድ ቀን ለዓለም ተነበበች። እሷም «ዝምታዋን ሰበረች» ትባል ይሆናል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ። ፍልስጤማውያን «በዝምታ እየተመለከቱ» መሬቱ ቀስ በቀስ እየተጠቀለለ ነው ብላችኋል። ደግሞ ዝምታ! ከኬብሮን በስተደቡብ ማሳፈር ያታ የሚባሉ ትንንሽ መንደሮች አሉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አካባቢው የጦር ልምምድ ቦታ ተደርጎ «የተኩስ ቀጣና 918» ተባለ። ነዋሪዎቹ ጠበቃ ይዘው የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ከዘለቀ ክርክር በኋላ በግንቦት 2022 ተፈረደባቸው። ፍርድ ቤቱ ቀጣናው ሲከለል እዚያ «ቋሚ ነዋሪዎች» አልነበሩም የሚለውን የመንግሥት ክርክር ተቀበለ። ከብት የሚያረቡ፣ በዋሻና በድንኳን እንደ ወቅቱ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። የእኛ አገር አንባቢ ይህን ለመረዳት ካርታ አያስፈልገውም፤ በበጋ ከብቱን ይዞ ቆላ የወረደ ሰው ደጋ ያለው ቤቱ የማን ነው?

ደግሞም በ2025 ጥቅምት የእስራኤል ምክር ቤት፣ ክኔሴት፣ ዌስት ባንክን የመጠቅለያ ረቂቅ ሕጉን በመጀመሪያ ድምፅ 25 ለ24 ብቻ አሳልፎ ስለቆመ፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንትም አልፈቅድም ስላሉ፣ ነገሩ «ገና ሐሳብ ነው» ብላችሁ አረጋጋችሁን። በዚያው ጽሑፍ ታች፣ የእስራኤል መንግሥት በ2026 መጀመሪያ የወሰነውን የመሬት ምዝገባ «የአስተዳደር ማሻሻያ» ብላችሁታል። እንግዲህ ማሻሻያው እንዲህ ነው የሚሠራው። ዮርዳኖስ አካባቢውን ስታስተዳድር የተጀመረው ምዝገባ የዌስት ባንክን መሬት አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ አዳርሶ ነበር፤ የእስራኤል ጦር በ1968 አስቆመው። ስለዚህ የአብዛኛው ገበሬ ማስረጃ የአያቱ የግብር ደረሰኝና የጎረቤት ምስክርነት ነው። አሁን ምዝገባው ሲቀጥል ባለቤትነቱን አሟልቶ ያላረጋገጠ ሰው መሬት የመንግሥት ተብሎ ይገባል። በዚህ ላይ እስከ ዛሬ የሚሠራበት የ1858 የኦቶማን ሕግ አለ፤ ሦስት ዓመት ጾም ያደረ እርሻ ለመንግሥት ሊሆን ይችላል። እርሻው ለምን ጾም ያድራል? የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ በ2025 ጥቅምት ብቻ፣ የወይራ ለቀማ ወቅት ማለት ነው፣ 264 የእስራኤላውያን ሰፋሪዎች ጥቃት መዝግቧል። የተጠቃው ገበሬ ይከሳል እንጂ ዝም አይልም፤ የሽ ዲን የተባለው የእስራኤል የመብት ድርጅት እንደቆጠረው ከ2005 እስከ 2024 ከተከፈቱት የምርመራ መዝገቦች 94 በመቶ ገደማ ክስ ሳይመሠረት ተዘግተዋል። መዝገብ የተከፈተው ሰው ስለተናገረ ነው። የዘጋው ሌላ ሰው ነው።

ክኔሴት ውስጥ እጅ ሲወጣ ዓለም ሁሉ ይጮኻል። መዝጋቢው ማህተም ሲመታ ግን የሚሰማ የለም፤ የእናንተ ዘጋቢም አልሰማም።

እስራኤልን ጠላሽ የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ የማኅበሬ ሴቶች ራሳቸው ይሉኛል። መንግሥቱ አካባቢውን ይሁዳና ሰማርያ እንደሚለው፣ ባለቤትነቱ አከራካሪ ነው እንደሚል፣ የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ2024 ይዞታው ሕገ ወጥ ነው ሲል የሰጠውንም የምክር አስተያየት እንዳልተቀበለ መጻፍ ተገቢ ነው፤ ጻፉት። ብቻ ዝምታ አትበሉት። የተፈረደ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ሲከርም ምን እንደሚመስል ደግሞ እኛ ለማንም አስተማሪ ነን። ኢየሩሳሌም፣ ከግብጽ መነኮሳት ጋር የምንከራከርበት ዴር ሡልጣን ገዳም፣ በ1970 ፋሲካ ሌሊት መነኮሳቶቻችን ቁልፉን ቀየሩ፤ በ1971 የእስራኤል ፍርድ ቤት ቁልፉ ለግብጾቹ ይመለስ አለ፤ መንግሥት ጉዳዩን ያዘው፣ እስከ ዛሬም እንደያዘው ነው። እዚያ ወረቀቱ በመክረሙ የተጠቀምነው እኛ ነን። ገዳሙ የእኛ ለመሆኑ ጥርጥር የለኝም፤ ግብጻዊው መነኩሴም ቢሆን ግን ዝም አላለም።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ርዕሱን አርሙት፤ «የአስተዳደር ማሻሻያ» የሚለውንም ከእርማቱ ጋር አያይዙት። ስለ ቤት ሠራተኞች የምትጽፉ ከሆነም በዚህ ከተማ የሚያናግራችሁ ሰው አይጠፋም፤ እኔ ማክሰኞና ሐሙስ አልሠራም።

ይህ ለእናንተ የላክሁት ሦስተኛ ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያው ስለ ቤሩት ሴቶች፣ ሁለተኛው የመጀመሪያው ለምን እንዳልወጣ ነበር። ለሁለቱም መልስ አላገኘሁም። ይህንንም ካላወጣችሁት ግድ የለም፤ ብቻ የዛሬ ሃያ ዓመት ስለ እኔ የምትጽፉት ነገር ካለ ዝምታዋን ሰበረች እንዳትሉብኝ።

አንባቢያችሁ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ