ስለወለደ ሳይሆን ስላጠባ

ልጄ፣ የኔ ጌታ፣

እሁድ ማታ ስልኩን ከዘጋህ በኋላ ስለዚያች አንድ ነጥብ ሳስብ አመሸሁ። «አጥቢ እንስሳት ሁሉ ይወልዳሉ እንጂ እንቁላል አይጥሉም» የሚለውን «እውነት» ብዬ ቲቸር ኤክስ አደረጉብኝ ብለህ ነው የተናደድከው። አክስትህም «ልክ ነህ» ብላሃለች። አዝናለሁ ልጄ፣ ልክ ቲቸርህ ናቸው። ግን ነገሩን ስልክ ላይ በሁለት ቃል ልጨርሰው አልፈለግኩም። ከአንድ ነጥብ በላይ ነው፣ ደግሞም በጣም ደስ ይላል።

በመጀመሪያ መውለድ የአጥቢዎች ብቻ አይደለም። አያትህ ስለ እፉኝት የሚያወሩትን ሰምተሃል፤ ልጆቿ ሆዷን ቀደው ይወጣሉ የሚሉትን። መቅደዱ ተረት ነው። መውለዷ ግን እውነት ነው። ከእፉኝት ወገን ብዙዎቹ እንቁላላቸውን ሆዳቸው ውስጥ ይዘው ይቆዩና ልጆቻቸውን በሕይወት ይወልዳሉ። አንዳንድ ሻርኮችም ይወልዳሉ። አንዳቸውም ግን ወተት የላቸውም።

አሁን ደግሞ ገልብጠህ እየው። አውስትራሊያ ውስጥ ፕላቲፐስ የምትባል እንስሳ አለች። ወንዝ ውስጥ የምታድን፣ አፏ የዳክዬ፣ ሰውነቷ በጸጉር የተሸፈነ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ልጻፍልህ፤ በ1799 ጆርጅ ሾው የሚባል እንግሊዛዊ ቆዳዋን አይቶ ሲመዘግባት፣ አንድ አታላይ የዳክዬ አፍ ሰፍቶባት ይሆን እንዴ ብሎ ተጠራጥሮ ነበር። እንቁላል ትጥላለች አትጥልም የሚለው ክርክር ደግሞ እስከ 1884 ዘለቀ። ያን ጊዜ ዊሊያም ካልድዌል የሚባል ተመራማሪ እዚያው ድረስ ሄዶ እንቁላሏን አገኘና በቴሌግራም አሳወቀ። እና ከአጥቢዎች ተባረረች? አልተባረረችም። ለምን ብትል፣ ታጠባለች። የጡት ጫፍ እንኳ የላትም፤ ወተቱ በሆዷ ቆዳ ላይ እንደ ላብ ይወጣል፣ ልጆቿም ይልሱታል። የቲቸርህ ጥያቄ የተሠራው ለሷ ነው።

አያህ፣ መልሱ ስሙ ላይ ነበር። «ወላጅ እንስሳ» አላልንም፣ «አጥቢ» ነው ያልነው። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስም በፊት «ባለ አራት እግር» ይላቸው የነበሩትን፣ በ1758 ባሳተመው መጽሐፉ ከጡት በመጣ የላቲን ስም ጠራቸው። በዚያው መጽሐፍ አሳ ነባሪን ከአሳ ለይቶ እዚህ አስገባት። እግር እየቆጠረ ቢሄድ ኖሮ እዚያው አሳው ጋር ትቀር ነበር።

የኛ አማርኛ በአጥቢ እንዲህ ይራቀቅና «አሳ ነባሪ» ሲል አሳ ያስመስላታል፣ «የሌሊት ወፍ» ሲል ደግሞ ወፍ። በልጅነቴ አንድ ቀን ጠዋት እማድ ቤታችን ወለል ላይ አንዲት የሌሊት ወፍ ወድቃ አገኘን። እኔ ጮህኩ። አያትህ በጨርቅ አነሷትና በሩ ጋ ብርሃን ላይ አሳዩኝ። ክንፏ ላይ አንድ ላባ የለም። በረጃጅም ጣቶቿ መሃል የተወጠረ ስስ ቆዳ ነው፤ ብርሃኑ ሲያልፍበት ጣቶቿን መቁጠር ትችላለህ። ሆዷ ላይ የድመት ልጅ የመሰለ ለስላሳ ቡናማ ጸጉር። ደረቷ ላይ ደግሞ ራቁቱን የሆነ፣ አውራ ጣቴን የማያክል ልጅ ጡቷን ይዞ ተለጥፏል። ከዚያ ቀን በኋላ ወፍ ብያት አላውቅም። በዓለም ላይ ካሉት 6,500 ገደማ የአጥቢ ዝርያዎች ከ1,400 በላይ የሚሆኑት የሌሊት ወፎች ናቸው። አንድ ቀን ባሌ ሶፍ ዑመር ዋሻ እወስድሃለሁ፣ እዚያ ጣሪያው ላይ ታያቸዋለህ።

ሁለተኛው ምልክት ያው ያየሁት ጸጉር ነው። የጃርት እሾህ ሳይቀር የጠነከረ ጸጉር ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ መሬት ሰርስሮ የሚኖር ራቁት ፍልፈል አለ፤ ራቁት ይባል እንጂ ቀረብ ብለህ ብታየው ገላው ላይ በጨለማ የሚዳስስባቸው አልፎ አልፎ የበቀሉ ጸጉሮች አሉት። ዶልፊን እንኳ ስትወለድ አፏ አካባቢ ጥቂት ጸጉር አላት፣ በኋላ ይረግፋል።

ሦስተኛው እኔ በጣም የምወደው ነው። ጣትህን ከጆሮህ ፊት ለፊት አድርግና አፍህን ክፈት፣ ዝጋ። የሚንቀሳቀስ ነገር አለ አይደል? የመንጋጋህ ማጠፊያ ነው። የእንሽላሊት የታችኛው መንጋጋ ከብዙ አጥንቶች የተገጣጠመ ነው፤ ያንተ ግን አንድ አጥንት ብቻ ነው። የድሮዎቹ ቅድመ አያቶቻችን መንጋጋ የሚታጠፍባቸው ሁለት አጥንቶች በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ እያነሱ እያነሱ ሄደው ጆሮ ውስጥ ገቡ። ዛሬ መዶሻና መስፍ እንላቸዋለን። ከነሱ ቀጥላ እርካብ አለች፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን። ወፍና እንሽላሊት ጆሯቸው ውስጥ ያለችው አንዷ ብቻ ናት፣ የእርካቧ አቻ። ጀርመናዊው ካርል ራይከርት በ1837 የአሳማ ጽንስ ሲመረምር ነው ይህን ጉዞ ያስተዋለው። ከመሬት ቆፍረው ቅሪተ አካል የሚያወጡ ሰዎችም የሚያዩት መንጋጋውን ነው፤ ወተት ድንጋይ ሆኖ አይቀርማ። እስቲ አስበው፣ አሁን ድምፄን ብትሰማ የምትሰማኝ በድሮ መንጋጋ ነው።

የሰውነት ሙቀትን መጠበቅና ባለ አራት ክፍል ልብን ለፈተና አጥናቸው፣ ግን ወፎችም አላቸው፤ ስለዚህ ብቻቸውን አይለዩህም። የቀጭኔ አንገትና ያንተ አንገት እኩል 7 አጥንት እንዳላቸውም ያዝ፣ ጓደኞችህ አያምኑህም።

ወደ ወተቱ ልመለስ። ላም ስትወልድ መጀመሪያ የሚወጣውን ወፍራም ወተት እንገር እንለዋለን። ከዶሮ ጩኸት በፊት አያትህ ኩራዝ ይዘው ቁጢጥ ብለው፣ መቆም ያቃተውን ጥጃ ጣታቸውን አጥብተው አጥብተው ወደ ጋቱ ሲመሩት አሁንም ይታየኛል። «እንገሩን ሳይጠባ እንዳይነጋ» ይሉ ነበር። ምክንያቱን በኋላ ነው የተማርኩት። ጥጃ እናቱ ሆድ ውስጥ እያለ በሽታ መከላከያ አይደርሰውም፤ የሚያገኘው ከእንገር ነው፣ አንጀቱም ያንን አሳልፎ ወደ ደሙ የሚያስገባው ለመጀመሪያው አንድ ቀን ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ይዘጋል።

አንተ ስትወለድ ያንን ቢጫ ወተት «ቆሻሻ ነው፣ አውጥተሽ ድፊው፣ ለልጁ ቅቤ አቅምሺው» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። ለክፋት አይደለም፣ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ ነው። ደክሞኝ ነበር፣ እሺ ልልም ትንሽ ነበር የቀረኝ። ግን ያ ኩራዝና ያ ጥጃ ትዝ አሉኝ። ለጥጃ የሚሳሳለት እንዴት ለልጄ ይደፋል? አልኩና አቀፍኩህ። ዓይንህን ሳትገልጥ በአፍህ ፈልገህ አገኘኸው። እስከዛሬ ነግሬህ አላውቅም።

አያትህ ትናንት ደውለው ነበር። ቦራዋ ላም ወሯ ገብቷል፣ ጋቷ መሙላት ጀምሯል። ለእረፍት ስትመጣ ሳትወልድ ከደረስክ አብረሃቸው ታድራለህ፤ ኩራዙን አንተ ትይዛለህ። ባትሪ እንዳትረሳ ግን፣ ኩራዙ ይጨሳል።

እናትህ