በደብተርሽ ዳር የጻፍሽው ጥያቄ

ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለምወድሽ እኅቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጅሽስ? አሁን አምስት ዓመት ሞልቶታል፤ እኔ ግን የማስታውሰው በአንቀልባ ታዝሎ ትከሻሽ ላይ የሚያንቀላፋውን ሕፃን ነው። እናትሽስ እንዴት ናቸው? ወገባቸው ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ስቀድ ቆይቻለሁ። ስልክሽ ጠፍቶብኝ አይደለም፤ ቁጥርሽ በቃሌ ነው። በምን ዓይኔ አያታለሁ እያልኩ ነው ዓመታቱን የገፋኋቸው። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ፤ ከእኔ አፍ ግን ሰምተሽው አታውቂም።

ያን ዕለት በስብሰባው ላይ አማካሪያችን «ይህ ሥራ ሙሉ ጊዜ ያለው ሰው ይፈልጋል» ብሎ ጥርስና አጥንት የሚጎዳውን ፍሎራይድ ከመጠጥ ውሃ በአጥንት ከሰል የምታጣሪበትን ሙከራ ለእኔ ሲያስረክበኝ አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ። ሕፃን አሲድ ወዳለበት ቤተ ሙከራ መግባት እንደሌለበት ሁላችንም እናውቃለን። አንቺም ታውቂ ነበር፤ ለዚህም ነው ኮሪደሩ ላይ ቆመሽ በበሩ መስታወት በኩል የውሃውን ጠብታ ትቆጥሪ የነበረው። ልጁን የምታሳርፊበት አንድ ክፍል ስጧት ያለ ግን አልነበረም። እኔም አላልኩም። ከስድስት ወር በኋላ ጽሑፉ ሲታተም የእኔ ስም ከፊት ሆነ፤ ያንቺ ከመጨረሻው መስመር፣ «ለቴክኒክ እገዛ» ተብሎ ከምስጋናው ጋር ተቀመጠ።

ለቴክኒክ እገዛ! አጥንቱን ከልኳንዳ ቤቶች በማዳበሪያ ከረጢት የሰበሰብሽው አንቺ ነሽ። ስቡ እስኪለቅ ቀቅለሽ፣ ጣራ ላይ አስጥተሽ፣ አየር እንደ ልብ በማይገባበት ምድጃ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ያከሰልሽው አንቺ ነሽ። ከምድጃው የወጣውን አጥንት በመስኮቱ ብርሃን ፊት ሰብረሽ ውስጡን ስትመረምሪ አሁንም ይታየኛል። ወደ ቡናማ ካደላ «አልበሰለም፣ ውሃውን ያሸተዋል» ትያለሽ። ከነጣ «አቃጥለነዋል፣ ጉልበቱ አልቋል» ትያለሽ። ጥቁር ግራጫ ሆኖ ሲወጣ ብቻ ነበር ለወንፊት የምትሰጪኝ። ያን ሁሉ በዓይንሽ ነበር የምትለዪው፤ መሣሪያው በኋላ ያረጋገጠው ያንቺን ዓይን ነው።

ይህን ሥራ ለምን እንደመረጥሽውም አውቃለሁ። መጀመሪያ የተዋወቅን ሰሞን ስትስቂ የነጠላሽን ጫፍ ወደ አፍሽ ታመጪ ነበር። ዓይነ አፋር ትመስይኝ ነበር። በኋላ ነው በለሆሳስ የነገርሽኝ፦ በሰፈራችሁ ጥርሱ ያልበለዘ ልጅ እንደሌለ፣ ውሃው የጠራና የጣፈጠ በመሆኑ ማንም እንደማይጠረጥረው፣ እናትሽ ለልጆቻቸው ጤና ብለው አፍልተው ያጠጧችሁ እንደነበር። ፍሎራይድ ሲፈላ እንደማይጠፋ፣ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር እንደሚጠነክር ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ስትማሪ ያን ቀን ምሳ አልበላሽም።

የስምጥ ሸለቆ ነገር እንዲህ ነው። ከእሳተ ገሞራ የወጣው ድንጋይ ፍሎራይዱን ለከርሰ ምድር ውሃ ይለቃል፤ ውሃው ካልሲየም ስለሚያንሰው ይዞ የሚያስቀረው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በላይ አይሁን ይላል፤ በእኛ ስምጥ ሸለቆ ከ10 የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ጥርስ የሚበልዘው በልጅነት፣ በድዱ ውስጥ ገና እየተሠራ ሳለ ነው። ለብዙ ዓመት የጠጣው ሰው ደግሞ አጥንቱ ይደርቃል፤ ወገቡ አልታጠፍ፣ አንገቱ አልዞር ይለዋል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ ያጠኑትን አብረን ያነበብን ዕለት፣ «እናቴ ወንጂን ረግጣ አታውቅም፤ ወገቧ ግን የእነርሱ ወገብ ነው» አልሽኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ይህ ሥራ የእኔም ሆነ።

እንግዲህ የዛሬውን ልንገርሽ። ዓምና የምርምር ድጋፍ አገኘሁ። በጣሊያን ትሪዬስቴ ጽሕፈት ቤቱ ያለው፣ በዩኔስኮ ሥር የሚሠራው የታዳጊ አገሮች ሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት የሚሰጠው ነው። ገንዘቡ እስከ 50,000 ዶላር ይደርሳል፤ የሚመጣው ከካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረ ሲሆን ዶክትሬታቸውን ጨርሰው ምርምር ለሚጀምሩ ሴቶች የታሰበ ነው። የወደድኩለት ነገር ምን መሰለሽ? ሥራው በገዛ አገርሽ፣ በገዛ ተቋምሽ መሠራት አለበት። ሻንጣሽን አስይዞ አይወስድሽም፤ ባለሽበት የራስሽን ቡድን እንድታቆሚ ነው የሚረዳሽ።

በድጋፉ ሥልጠና ላይ ከአሩሻ አካባቢ የመጣች ታንዛኒያዊት ጎኔ ተቀምጣ ነበር። የእነርሱም ምድር የእኛው ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ንጉርዶቶ በሚባል ቦታ በአጥንት ከሰል ፍሎራይድ የሚያጣራ የምርምር ጣቢያ አላቸው። ጥርሷ እንዳንቺ የበለዘ ነው፤ ስትስቅ ግን አዳራሹ እስኪሰማ አፏን ከፍታ ነው የምትስቀው። ሁለት ልጆች አሏት። የመጀመሪያውን ስትወልድ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራዋ እንደተቋረጠ፣ በዚያ ዓመት ምክንያት ስንት ማመልከቻ «ጽሑፍ ያንሳታል» ተብሎ እንደተመለሰባት አጫወተችኝ። የምሽቱን ወሬ ሳልሰማ ቀረሁ፤ ሐሳቤ ሁሉ አንቺ ጋ ነበር።

የሚያንገበግበኝን ልንገርሽ። ሳይንቲስት ስሙን የሚተክልበት ዕድሜና ሴት የምትወልድበት ዕድሜ አንድ ነው። ከሃያ ስምንት እስከ ሠላሳ አምስት ባለው ጊዜ ጽሑፍ ያላሳተመ ሰው ቡድን አያገኝም፤ ቡድን የሌለው ገንዘብ አያገኝም። በዓለም ላይ ካሉት ተመራማሪዎች ሴቶቹ ሲሶ ገደማ ናቸው ሲባል ምክንያቱን በችሎታ የሚፈልጉ ሰዎች ያናድዱኛል። እኔ ምክንያቱን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ኮሪደር ላይ ቆሞ ጠብታ ይቆጥር ነበር።

ደብተርሽ እኔ ጋ ነው። ጥቁር ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ በውሃ የተጎዳው። ለድጋፉ ማመልከቻ ስጽፍ ገለጥኩትና በአርባ ሁለተኛው ገጽ ዳር በእርሳስ የጻፍሽውን አገኘሁ፦ «ማጣሪያው መጥገቡን እናቴ በምን ታውቃለች?» ሌላ ምንም የለም። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምረሽበታል።

ሌሊቱን አልተኛሁም። እኛ ከሰሉ ስንት ሚሊግራም ይይዛል እያልን ስንከራከር፣ አንቺ የጠየቅሽው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነው። ከሰሉ ሲጠግብ ፍሎራይዱን መያዝ ያቆማል፤ ውሃው ግን አይደፈርስ፣ አይሸት፣ ጣዕሙ አይለወጥ። ማጣሪያው እንደ ትናንቱ ያንጠባጥባል፤ እናትም እንደ ትናንቱ አምና ለልጇ ትቀዳለች። ማመልከቻዬን በዚያች ጥያቄ ላይ ነው የሠራሁት።

አሁን ማጣሪያው አፍ ላይ ትንሽ የውሃ ቆጣሪ ገጥመናል። የጉድጓዱን ፍሎራይድ አስቀድመን እንለካለን፤ በማጣሪያው ያለው ከሰል ስንት ጄሪካን እንደሚችል ከዚያ ይሰላል። ቁጥሩ ሲሞላ በፀሐይ ኃይል የምትሠራ አንዲት ቀይ መብራት ትበራለች። የኤሌክትሮኒክሱን ሥራ የያዘችው ገና ሁለተኛ ዲግሪዋን በመሥራት ላይ ያለች ልጅ ናት። የፍሎራይድ መለኪያው ኤሌክትሮድ ታዝዞ እጃችን እስኪደርስ ዘጠኝ ወር ፈጀ። ብዙ ለቅሶ አለቀስኩ፤ ደረሰ።

ከዝዋይ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ከሚገኝ አንድ ቀበሌ ወስደን ቦኖው አጠገብ ተከልነው። የሆነውን ብታዪ! መጀመሪያ የጠየቁን ስለ መብራቱ አልነበረም። አንዲት እናት «አጥንቱ የማን እርድ ነው?» አሉ። ሌላዋ ቀጥለው «በሁዳዴስ ይጠጣል?» አሉ። እኔ ስለ ኬሚስትሪው ለመናገር አፌን ስከፍት አንቺ ትዝ አልሽኝ፤ አንቺ ብትሆኚ መጀመሪያ ቡና አፍልታችሁ ተቀመጡ ትያቸው ነበር። ዝም አልኩና ተቀመጥኩ። ቄሱም ሼኹም መጡ። ከሦስት ቀን ውይይት በኋላ ሁለት ማጣሪያ እንዲኖር ተስማማን፤ አንዱ በአጥንት ከሰል፣ ሌላው አጥንት በሌለበት፣ ከአሉሚኒየም በተሠራ ማዕድን። ሁለተኛው ይወደዳል፤ የገንዘቡን ነገር ገና አልፈታነውም። ቄሱ ግን የአጥንቱን ቀምሰው «ውሃ ነው» ብለው ሄዱ።

የዶክተር ሰገነት ቀለሙን ፎቶ ከጋዜጣ ቆርጠሽ ጠረጴዛሽ ላይ ለጥፈሽ ነበር፤ እስካሁን አላነሣሁትም፣ ጠርዙ ብቻ ቢጫ ሆኗል። ከፍኖተ ሰላም ተነሥተው፣ ከአካባቢያቸው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነው፣ በኮሎምቢያ በከብት መኖ ሣር ላይ ለዓመታት ሲመራመሩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ አፍሪካ ተመለሱ። ከዚያም ከ2013 ጀምሮ ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል መሩ። ታሪካቸውን ለተማሪዎቼ ስነግር የምቆየው መመለሳቸው ላይ ነው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው የተመለሱት። ያንቺ አምስት ዓመት ነው።

ሁለት ነገር አድርጌያለሁ፤ ሳልጠይቅሽ በማድረጌ ይቅር በይኝ። አንደኛ፣ ለመጽሔቱ አዘጋጆች ሥራው ያንቺም እንደሆነ፣ ስምሽ ከደራሲዎቹ መቅረቱም የእኔ ጥፋት እንደሆነ ጽፌ የደብተርሽን ገጾች ፎቶ አያይዤ ልኬያለሁ። ማረሚያው እንዲወጣ ያንቺ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ቅጹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታገኚዋለሽ። አማካሪያችን መጀመሪያ ተቆጣ፤ በኋላ ፈረመ። ሁለተኛ፣ ከቤተ ሙከራው ጎን የድሮ ዕቃ የታጨቀበትን ክፍል አስለቅቄ ፍራሽ፣ ምንጣፍና የውሃ ማፍያ አስገብቻለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪያችን መንታ ልጆቿን አስተኝታበት ናሙናዋን ስትለካ ዋለች።

አዳማ ማስተማርሽን እንደማትጠዪው ሰምቻለሁ፤ ተማሪዎችሽ እንደሚወዱሽም ነግረውኛል። ተዪው አልልሽም። ግን ከቤትሽ ወንጂ ቅርብ ነው፤ በዚያ ያሉትን ጉድጓዶች የሚለካ፣ አጥንት ሲሰበር ውስጡን አይቶ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገኛል። ለዚህ የሚሆን የደመወዝ ገንዘብ በበጀቱ ውስጥ አለ፤ ቅዳሜና ክረምት ብቻ ከሆነም ይሆናል። እምቢ ካልሽም ማረሚያው ላይ ፈርሚልኝ።

የመጪው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ እናትሽ ቤት እሄዳለሁ፤ ደውዬላቸው «ነይ» ብለውኛል። አዲሱን ማጣሪያ ጭኜ፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት አዳማ መናኸሪያ እደርሳለሁ። በሳጥኔ ውስጥ አምስት ዓመት የቆየች አንዲት የናሙና ጠርሙስ አለች፤ «የእማዬ ጉድጓድ» ብለሽ በራስሽ እጅ ጽፈሽባታል፤ ሳትለካ ነው የቀረችው። እርሷንም ይዣት እመጣለሁ።

ናፋቂሽ እኅትሽ